የእጅ ሰዓት ስንገዛ፦ ሰከንድ ለማን ያስፈልገዋል? ደቂቃስ ለማን ይበቃዋል?

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ከፍራንክፈርት የእጅ ሰዓት ላከልኝ። ከሬዲዮ ሞገድ እየተቀበለ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ዓይነት ነው። እሱ እዚያ ሲያስረው ሰከንድ ዝንፍ ብሎበት አያውቅም። አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት ሞገዱን ይፈልጋል፤ ያጣዋል። ጠዋት ስነሳ «አልተገኘም» የሚለውን ምልክት አያለሁ። በወሩ ከስልኬ ጋር ሳመሳክረው 11 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከተራ የባትሪ ሰዓት አንድም የሚሻልበት ነገር አልነበረም።

ሰዓቱ ጤነኛ ነው። ዘመዴም በከፈለው ዋጋ ጥሩ ዕቃ ነው የገዛው። ችግሩ ስንገዛ የምንጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። «የትኛው ሰዓት ይበልጥ ትክክል ነው?» እንላለን። መጠየቅ ያለብን «እኔ በምኖርበት አገር፣ ለምሠራው ሥራ፣ ምን ያህል ትክክል ይበቃኛል?» ብለን ነው። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ለማይጠቀምበት ሰከንድ ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ ስለማይ ነው። የሚያስፈልገውን ትቶ የማያስፈልገውን የሚገዛም አለ።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

## መጀመሪያ መመዘኛው

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት አራት ነገር ለራሳችሁ መልሱ። ስንት ቢሳሳት ነው የምጎዳው? በስንት ጊዜ አንዴ ላስተካክለው ፈቃደኛ ነኝ? የምኖረው የት ነው? ሲቆምስ ማን ይሠራልኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ ዋናው ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እንበል።

የዕለት ኑሯችንን እንየው። ታክሲ፣ ቢሮ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ። እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ምንም አያመጣም። የሐበሻ ቀጠሮ የምንለው መዘግየትም ከሰዓታችን ስህተት የመጣ አይደለም። ሰዓቱን እያየን ነው የምንዘገየው።

ጠበቅ የሚለው የደቂቃ ጉዳይ ሲመጣ ነው። ጨረታ «ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ተዘግቶ 8፡30 ይከፈታል» ከተባለ፣ 8፡01 የደረሰ ሰነድ ውጭ ይቀራል። በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት የሚታተመው በደቂቃ ተቆርጦ ነው። ፈተናም፣ አውሮፕላንም እንደዚሁ። እነዚህ የሚፈልጉት ሰዓታችሁ ከእውነተኛው ሰዓት ከግማሽ ደቂቃ ወይም ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳይርቅ ነው። ከዚያ የጠበቀ ነገር አይጠይቋችሁም።

ስዊዘርላንድ የሰዓት አገር ናት። ባቡር ጣቢያዎቿ ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። ቀይዋ የሰከንድ ቆጣሪ ዙሯን በ58.5 ሰከንድ ገደማ ትጨርስና 12 ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የአዲሱ ደቂቃ ምልክት ሲደርሳት እንደገና ትነሳለች። ባቡሩ የሚነሳው በሙሉ ደቂቃ ነውና፣ በመሃል ያለው ሰከንድ ለተሳፋሪው ለውጥ አያመጣም።

ሌላ ታሪክ ልጨምር። በ1891 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በምትባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጩ። የአንደኛው ሾፌር ሰዓት ለአራት ደቂቃ ያህል ቆሞ እንደገና መሄድ ጀምሮ ነበር ተባለ። ከዚያ በኋላ ዌብ ቦል የተባለ የሰዓት ነጋዴ ለባቡር ሠራተኞች ሰዓት መመዘኛ እንዲያወጣ ተደረገ። ሰዓታቸው በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይዛነፍ ተደነገገ። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት መመዘኛ ይሄ ነበር። ዛሬ ከ20 ዶላር በታች የሚገዛው የካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩ 30 ሰከንድ የሚዛነፈው በወር ነው። ያ ሰዓት ገበያ ላይ የዋለው በ1989 ነው፤ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሰዓትም እሱ ነው።

ሰከንድ የግድ የነበረባቸው ሰዎችም ነበሩ። መርከበኛ ውቅያኖስ መሃል ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በሰዓቱ ነበር። ሰዓቱ 4 ሰከንድ ከሳተ፣ ምድር ወገብ ላይ ቦታውን በአንድ የባሕር ማይል ይስታል። እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን የሠራው ሰዓት በ1761 ወደ ጃማይካ ሲሄድ በ81 ቀን 5 ሰከንድ ብቻ መሳቱ ትልቅ ድል የሆነው ለዚህ ነው። ይህን ሥራ ዛሬ ሳተላይት ወስዶታል።

### ነርሷና ሯጩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» የሚለውና «ከዚህ እስከዚህ ስንት ሰከንድ ሆነ?» የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ነርስ የልብ ምት ስትቆጥር የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው። በቀን 30 ሰከንድ የሚቀድም አሮጌ አውቶማቲክ (ያለ ባትሪ፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ) ሰዓት አድርጋለች እንበል። 60 ሰከንድ ስትቆጥር የሚሳሳተው 0.02 ሰከንድ ገደማ ነው። አንድ የልብ ምት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለነርስ ትክክለኛነት ጉዳይዋ አይደለም። ጉዳይዋ ከሩቅ የምትታይ የሰከንድ ቆጣሪ፣ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ መልክ፣ እጅ ስትታጠብ ውሃ የማያስገባ ክዳን ነው።

ሯጭስ? ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2፡11፡53 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያ ርዝመት፣ በወር 20 ሰከንድ የሚዛነፍ ተራ የባትሪ ሰዓት የሚስተው 0.06 ሰከንድ ገደማ ነው። ጣታችሁ ቁልፉን ለመጫን የሚዘገየው ከዚያ ይበልጣል። በቀን 30 ሰከንድ የሚዛነፍ አውቶማቲክ ግን ወደ 2.7 ሰከንድ ይስታል። እንጦጦ ላይም ሆነ ሱሉልታ ልምምድ ለሚሠራ ሰው ማንኛውም ዲጂታል ሰዓት ይበቃዋል። አውቶማቲኩን ቤት ይተወው፤ ንዝረቱም አይስማማውም።

## ማካፈል ብቻ ነው

የቀረው ቀላል ሒሳብ ነው። የምትታገሡትን ስህተት ወስዳችሁ ሰዓቱ በቀን ለሚዛነፈው ታካፍላላችሁ። የሚወጣው ቁጥር በስንት ቀን አንዴ ማስተካከል እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

አንድ ደቂቃ ትታገሣላችሁ እንበል። በቀን 15 ሰከንድ የሚቀድም አውቶማቲክ በ4 ቀን ይሞላዋል። በወር 20 ሰከንድ የሚዛነፍ የባትሪ ሰዓት 3 ወር ይቆያል። በዓመት 10 ሰከንድ የሚዛነፈው ውዱ ኳርትዝ (የባትሪ ሰዓት) ደግሞ 6 ዓመት ይወስድበታል። ግን ባትሪው ከዚያ በፊት አልቆ ይቀየራል፤ ሲቀየር ሰዓቱ ይቆማል፤ ያኔ ለማንኛውም ታስተካክሉታላችሁ። ለተራ ሰው የዚህ ሰዓት ትርፍ ከሂሳቡ ወረቀት አይወርድም የምለው ለዚህ ነው።

በመንገዴ አንድ ነገር ልበል። ሰዓታቸውን ሆን ብለው አምስት ወይም አሥር ደቂቃ የሚያስቀድሙ ብዙ አውቃለሁ። እንዳይዘገዩ ብለው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጭንቅላታቸው አምስቷን እየቀነሰ ማንበብ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ሰዓት እነሱ ራሳቸው አያውቁትም፣ የሚጠይቃቸውም ሰው ይሳሳታል። ሰዓቱን ትክክል አድርጉት፤ ከቤት ቀድማችሁ ውጡ።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### ተራው የባትሪ ሰዓት

ውስጡ ያለው የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር አሥራ አምስት ጊዜ በሁለት ስታካፍሉት አንድ ይመጣል። ያ አንድ ነው የሰከንድ ቆጣሪዋን «ቀጭ» የሚያደርጋት። ሴኮ በ1969 መጨረሻ የመጀመሪያውን ኳርትዝ የእጅ ሰዓት ሲያወጣ ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በዚያን ጊዜ መኪና ይገዛ ነበር። ዛሬ በዚያው አሠራር የሚሄድ ሰዓት ከምሳ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

የሚዛነፈው በወር ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ሙቀት ግን ይነካዋል። ክሪስታሉ የሚስማማው ወደ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ሲበርደውም ሲሞቀውም ወደ ኋላ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ውስጥ 10 ዲግሪ በሆነ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ወር ሙሉ ብትተዉት፣ በብርዱ ብቻ 20 ሰከንድ ገደማ ሊዘገይ ይችላል። 40 ዲግሪ ውስጥም እንዲሁ ያህል ይዘገያል። እጅ ላይ ሲውል ግን የሰውነታችን ሙቀት ይጠብቀዋል። ስለዚህ የባትሪ ሰዓት በጣም ትክክል የሚሆነው ስታስሩት ነው።

ደካማ ጎኑ ባትሪው ነው። ባትሪው ሲደክም ሰዓቱ በሰከንድ አይደለም የሚስተው፤ በድንገት ይቆምና ቀጠሮ ያስቀራችኋል። ኤፍ-91ደብልዩ ሰባት ዓመት ገደማ ይሄዳል፤ ባለ ቆጣሪዎቹ ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ዓመት። ባትሪ ስታስቀይሩ ደግሞ ክዳኑ ዙሪያ ያለችውን ቀጭን ጎማ ልብ በሉ። እኔ አንዴ መንገድ ዳር ባትሪ አስቀየርኩ። ሠሪው ክዳኑን በጥርሱ ነከስ አድርጎ ዘጋልኝ። ጎማዋ ተጣማ ስለነበር በሐምሌ ዝናብ መስተዋቱ በውስጥ አላበው፣ በሳምንቱ ቆመ። «ውሃ አይገባውም» የሚለው ጽሑፍ የሚሠራው ክዳኑ በደንብ እስከተዘጋ ድረስ ብቻ ነው።

ይህን ጣጣ ለማይፈልግ በብርሃን የሚሞላው አለ። ትክክለኛነቱ ያው ነው፣ ባትሪ የማስቀየሩ ነገር ግን ለረጅም ዓመት ይቀርለታል። መሳቢያ ውስጥ ለወራት አትቆልፉት እንጂ።

### አውቶማቲክና በእጅ የሚሞላ

አባቴ ሴኮ ፋይቭ ነበረው። ቅዳሜ ማታ የሬዲዮ ዜና ሊጀምር ሲል ከእጁ ያወልቀዋል። በጎን ያለችውን ቁልፍ ይስባል። የደቂቃ ቆጣሪውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይዞ፣ የሰከንድ ቆጣሪዋ እስክትቆም ይጠብቃል። አሮጌዎቹ ሴኮ ፋይቮች ቁልፉ ሲሳብ ሰከንዷ አትቆምም፤ እንደዚያ ነበር የሚያስቆማት። «ሰዓቱ ... ነው» ሲባል ለቀቅ። ይህች ሥራ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም፤ ለሳምንቱ ግን በቂው ነበረች።

በዚህ ዓይነት ሰዓት ላይ ፋብሪካው ራሱ የሚሰጠው ልክ ሰፊ ነው። በብዙ ሴኮ ፋይቮች ውስጥ ያለው 7ኤስ26 የተባለው ሞተር በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ድረስ ይፈቀድለታል። እጅ ላይ ሲውል ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይሻላል። ለእኔ ግን ዋናው መጠኑ አይደለም፤ ጸባዩ ነው። በየቀኑ እኩል 12 ሰከንድ የሚቀድም ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነው። ታውቁታላችሁ፣ ትቀንሱለታላችሁ፣ ሰዓት ሠሪም ያስተካክለዋል። ዛሬ 20 ቀድሞ ነገ 25 የሚዘገይ ከሆነ ግን ዘይት ደርቆበታል ወይም ተመቷል። መጠገን አለበት።

ትናንት ጤነኛ የነበረ አውቶማቲክ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ መጀመሪያ ማግኔት ጠርጥሩ። የድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳ ማግኔት መዝጊያ፣ ባለ ማግኔት የስልክ ልባስ ውስጡ ያለችውን ቀጭን ጸጉር መሰል ሽቦ እርስ በእርሷ ያጣብቃታል። ሰዓት ሠሪው ማግኔት ማጥፊያ ካለው በደቂቃ ይለቃታል። «ሞተሩ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ከተባላችሁ ከመስማማታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ታዲያ ለምን ይገዛል? በአግባቡ ከተያዘ ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው። ባትሪ አይፈልግም። ልጅ ይወርሰዋል። ይህን ለሚወድ ሰው በሳምንት ሁለት ደቂቃ ማስተካከል ሸክም አይሆንበትም።

### የምስክር ወረቀት ያለው ክሮኖሜትር

የስዊዘርላንዱ የክሮኖሜትር ምርመራ ተቋም ኮስክ እያንዳንዱን ሞተር ለ15 ቀን፣ በአምስት አቀማመጥ፣ በሦስት የሙቀት መጠን ይፈትነዋል። በቀን በአማካይ ከ4 ሰከንድ በላይ ካልዘገየ፣ ከ6 ሰከንድ በላይ ካልቀደመ ያልፋል። ለሜካኒካል ሰዓት ይህ ድንቅ ሥራ ነው።

ግን ሒሳቡን አስሉት። በቀን 6 ሰከንድ በወር 3 ደቂቃ ነው። የኮስክ ወረቀት ያለው የብዙ ሺህ ዶላር ሰዓት ከኤፍ-91ደብልዩ በስድስት እጥፍ ሊዛነፍ ይችላል ማለት ነው። ወረቀቱ የሚነግራችሁ ሞተሩ በጥንቃቄ መሠራቱን ነው። ለትክክለኛነት ብላችሁ አትግዙት፤ ለእጅ ሥራው ብላችሁ ከሆነ ግን ገንዘባችሁ የት እንደገባ ታያላችሁ።

«ክሮኖሜትር» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ወረቀቱ የለውም። ገበያ ላይ ኦርጅናል ተብሎ ሲቀርብላችሁ የሰከንድ ቆጣሪዋን ተመልከቱ። በየሰከንዱ እየዘለለች ከሄደች ውስጡ ባትሪ ነው ማለት ይቻላል፤ «አውቶማቲክ» ብሎ ቢጽፍም።

### በዓመት ሰከንዶች ብቻ የሚዛነፈው ኳርትዝ

እነዚህ ሙቀቱን እየለኩ ስህተታቸውን ያርማሉ። ግራንድ ሴኮ 9ኤፍ የተባለው በዓመት 10 ሰከንድ ነው የሚፈቀድለት። ሲቲዝን በ2019 ያወጣው 0100 ደግሞ በዓመት 1 ሰከንድ። ከማንም ሞገድ ሳይቀበሉ ይህን ማድረጋቸው ያስደንቃል። ዋጋቸው ሺዎች ዶላር ነው። ኔትወርክም ሳተላይትም በማይገባበት ቦታ ለወራት ሰከንድ መያዝ ያለበት ሰው ካለ እሱ ይግዛቸው። ሌላው የሚገዛቸው ስለሚወዳቸው ነው።

### በሬዲዮ ሞገድ የሚስተካከለው

የእኔን ዘመድ ነገር እንጨርስ። ጀርመን ውስጥ ፍራንክፈርት አቅራቢያ ማይንፍሊንገን ከሚባል ቦታ በ77.5 ኪሎ ኸርዝ የሰዓት ምልክት ይተላለፋል። የሚደርሰው እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንግሊዝ፣ አሜሪካ (ኮሎራዶ)፣ ጃፓንና ቻይናም የየራሳቸው ማሰራጫ አላቸው። የአንዳቸውም ወደ እኛ አይደርስም። እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከጀርመኑ ክልል ውጭ ናቸው።

ስለዚህ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ለሚኖር ወገን ይህ ምናልባት ከሁሉ የሚሻለው ምርጫ ነው። ከ100 ዶላር ብዙም ሳይርቅ፣ በብርሃን እየሞላ፣ ሁልጊዜ ሰከንዱ ልክ ነው። ማታ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ወደ አገር ቤት ስጦታ ልትልኩት ከሆነ ግን ለሬዲዮው ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

### የሳተላይቱና ከስልክ ጋር የሚነጋገረው

በጂፒኤስ የሚስተካከለው ሰዓት ሰማይ ከታየው የትም ይሠራል፤ ጎንደርም፣ ሪያድም፣ ሚኒሶታም። ሴኮ የመጀመሪያውን በብርሃን የሚሞላ ጂፒኤስ ሰዓት ያወጣው በ2012 ነው። ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር ያልፋል።

ያንኑ ሥራ በትንሽ ዋጋ የሚሠራው በብሉቱዝ ከስልክ ሰዓት የሚወስደው ነው። ካሲዮ ከ100 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ይሸጣቸዋል፤ በቀን እስከ አራት ጊዜ ከስልኩ ጋር ያመሳክራሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰከንድ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሰዓቱ ከስልኩ የበለጠ አያውቅም። ስልካችሁ ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል ካልተፈቀደለት፣ የስልኩ ስህተት ወደ እጃችሁ ይገለበጣል።

ስማርት ሰዓትም ለሰከንድ እንከን የለውም። ጉዳዩ ቻርጅ ነው። በየማታው ወይም በየሁለት ቀኑ መሰካት አለበት። መብራት በጠፋበት ማግስት ጥቁር መስተዋት አስሮ መዋል አለ። ለሰዓት ብቻ ብላችሁ አትግዙት።

## የእኛ ሰዓት አቆጣጠር የሚያመጣው ነገር

ሻጩ ስለዚህ አይነግራችሁም። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ባለ ቆጣሪ ሰዓትን ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ማዞር ቀላል ነው። ቀን የሚያሳይ ከሆነ ግን ስታዞሩት ቀኑ መቼ እንደሚቀየር ተመልከቱ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲቀየር ማድረግም፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ እንዲቀየር ማድረግም ይቻላል። ሳታውቁ የማታውን ካደረጋችሁ ከመሸ በኋላ የነገውን ቀን ያሳያችኋል። ማክሰኞ ማታ ረቡዕ ካለ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት አዙሯቸውና ቀኑን ወደ ማክሰኞ መልሱት።

ራሱን የሚያስተካክል ሰዓት ላይ ነገሩ ይከብዳል። በእጃችሁ ወደ ሐበሻ ብታዞሩት ሌሊት ተመልሶ ወደ ፈረንጁ ይሄዳል። መላው የሰዓት ክልሉን መቀየር ነው። የእኛ ቁጥር ከፈረንጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወይም ከቦነስ አይረስ ሰዓት ጋር እኩል ይመጣል። አዲስ አበባ በሐበሻ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ሪዮም በፈረንጁ ሌሊት 1 ሰዓት ነው። ከተማውን ሪዮ ላይ አድርጉት፤ ሰከንዱ ልክ ሆኖ በሐበሻ ይነበባል። ቀኑም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። በፈረንጁ ማንበብ የሚፈልግ ደግሞ ብዙ የካሲዮ ሰዓቶች ላይ አዲስ አበባን ካጣ ጅዳን ይምረጥ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚዛነፈው | አንድ ደቂቃ ለመሳት | ኢትዮጵያ ውስጥ | ዋጋ በግምት |
|---|---|---|---|---|
| ተራ ኳርትዝ | በወር 15–30 ሰከንድ | 2–4 ወር | ይሠራል፣ ባትሪ ይቀየራል | ከ15 ዶላር ጀምሮ |
| በብርሃን የሚሞላ ኳርትዝ | በወር 15–20 ሰከንድ | 3–4 ወር | በጣም ይስማማል | ከ50 እስከ 200 ዶላር |
| ተራ አውቶማቲክ | በቀን 10–40 ሰከንድ | ከ1 ቀን ተኩል እስከ 6 ቀን | ሰዓት ሠሪ ይፈልጋል | ከ100 እስከ 400 ዶላር |
| ክሮኖሜትር | በቀን ከ−4 እስከ +6 ሰከንድ | 10–15 ቀን | ጥገናው ውድ ነው | ከብዙ መቶ ዶላር እስከ ሺዎች |
| ልዩ ኳርትዝ | በዓመት 1–10 ሰከንድ | 6 ዓመትና ከዚያ በላይ | ይሠራል | ሺዎች ዶላር |
| በሬዲዮ የሚስተካከል | ሞገዱ ካለ ከሰከንድ በታች | አይስትም | ሞገድ የለም፣ እንደ ተራ ኳርትዝ | ወደ 100 ዶላር |
| በጂፒኤስ የሚስተካከል | ከሰከንድ በታች | አይስትም | ይሠራል | ከ1,000 ዶላር በላይ |
| በብሉቱዝ የሚስተካከል | ስልኩን ያህል | አይስትም | ይሠራል | ከ100 እስከ 200 ዶላር |

## ለማን የትኛው?

ኪሴ ቀጭን ነው፣ ፈተና አለብኝ፣ ታክሲ እሻማለሁ የሚል ተማሪ ወይም ሠራተኛ ተራ ዲጂታል ይግዛ። በሦስት ወር አንዴ ከስልኩ ጋር ያስተካክለው። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ነርስና ሐኪም ባለ ሰከንድ ቆጣሪ ኳርትዝ፣ ቁጥሩ ጎላ ያለ፣ ማሰሪያው ጎማ የሆነ ይምረጡ። ቆዳና ጨርቅ ማሰሪያ ለሆስፒታል አይሆንም፤ እርጥበትና ቆሻሻ ይይዛል።

ጨረታ የሚያስገባ፣ በቀጥታ ስርጭት የሚሠራ፣ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በየቀኑ ስብሰባ ያለው ብሉቱዙን ይውሰድ። አውሮፓና አሜሪካ ከሆነ ሬዲዮውን።

ሰዓት የሚወድ አውቶማቲክ ይግዛ፤ ግን ከመግዛቱ በፊት የሚጠግንለትን ሰው ያግኝ። ከገዛ በኋላ ለሰባት ቀን ይለካው። ሙሉ ደቂቃ ላይ ከስልኩ ጋር እኩል ያድርገው፣ በሳምንቱ ልዩነቱን ይይ፣ ለሰባት ያካፍል። ማታ የሚያስቀምጥበትን አቀማመጥ፣ በጀርባው ወይም በጎኑ፣ እየቀያየረ ቢሞክር ልዩነት ያገኛል። ቀን የሚቀድመውን ሌሊት በጎኑ አስተኝቶ የሚያካክስ ብዙ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው ለቤተሰብ የምትልኩ፣ በብርሃን የሚሞላውን እመክራለሁ። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኳታርና ባሕሬን የሰዓት ክልላችን አንድ ስለሆነ ከሱቁ ተስተካክሎ ሊመጣ ይችላል። ከኤምሬትስና ከኦማን ከሆነ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱት። ከመላካችሁ በፊት ሁለት ቀን መስኮት ላይ ብርሃን ይጥገብ።

እኔ ለአክስቴ የገዛሁላት ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፤ መነጽሯን ሳታደርግ ታነበዋለች። ወደ ሐበሻ አዙሬ፣ ቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲቀየር አድርጌ ሰጠኋት። በዓመት ሁለቴ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ስሄድ ከስልኬ ጋር አመሳክራለሁ። ባለፈው ፋሲካ 70 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። አስተካክዬ መለስኩላት።